ከንክሻው ፊት ለፊት

ጋሽ ሚዛን በሥራ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው የገዛ ራሳቸው የሚዛን ድንጋይ ነው፤ ባለ አንድ ኪሎው ነሐስ ከወንበሩ እግር አጠገብ ወድቋል። ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ሥር ገብቶ ጭብጥ ብሏል። ግራ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ የቁልፍ መያዣ እንደጨበጠ ቀርቷል። የኋላው በር መቀርቀሪያ ተሰብሯል፤ ሦስት መሳቢያዎች ተገልብጠው ሳንቲሞቹ ተበትነዋል።

አርባ ዓመት ሙሉ ሰው «እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰት?» እያለ ደጅ የጠናው በዚህ ክፍል ነው። ሲመረት ተበላሽቶ፣ ሳይታይ ከፋብሪካ ያመለጠ ሳንቲም ገበያ ላይ አንድ ዳቦ አይገዛ ይሆናል፤ ለሰብሳቢ ግን መኪና ያሸጣል። ስህተቱ የፋብሪካው ከሆነ ነው ታዲያ። ሰው በኋላ ያበላሸው ከሆነ ያው የተበላሸ ሳንቲም ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ይህን የሚለዩት ጋሽ ሚዛን ነበሩ። ስሙ የወጣላቸው ያልመዘኑትን ስለማያምኑ ነው፤ አንድ ቀን የገዙትን ዳቦ መዝነው ለዳቦ ጋጋሪው መልሰውለታል ይባላል። የእሳቸው ፊርማ ባለበት ወረቀት ላይ ግን ማንም ተከራክሮ አያውቅም።

መርማሪዋ ጉልበቷን እያሸች ገባች። ሃምሳዎቹን አጋምሳለች፣ ወሬ አታበዛም። ከጥያቄዋ ሁሉ በፊት «ቆይ» ስለምትል ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ቆይ» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች።

«ብዙም አያደክምሽም» አለ የጣቢያው አዛዥ። «ሬሳውን ያገኘው ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ። ቁልፉ የልጃቸው ነው። ትናንት ስትጮህባቸው ጎረቤት ሰምቷል። ምን ቀረ?»

«ቆይ» አለች።

የጠረጴዛውን መብራት ጫነችው፤ አልበራም። አምፖሉን ፈትታ አየችው። ውስጡ ጠቁሯል፣ አናቱ ላይ አቧራ ተኝቷል። አጉሊ መነጽሩ ግድግዳው ላይ ከሚስማር ተንጠልጥሏል፤ እሱም አቧራ ለብሷል። ከዚያ እያቃሰተች ተንበረከከችና የተበተኑትን ሳንቲሞች ለረጅም ጊዜ አየች። የክፍሉ ወለል ግማሹ ምንጣፍ፣ ግማሹ ባዶ የሸክላ ንጣፍ ነው። ሳንቲሞቹ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ነበሩ።

ጠረጴዛው ላይ በሚያምር እጅ የተጻፈ ወረቀት አለ። «ዳግም መርምሬዋለሁ፤ ንክሻው እውነተኛ የፋብሪካ ስህተት ነው» ይላል፤ በትናንቱ ቀን፣ ከሟቹ ፊርማ ጋር። የፖሊስ ሐኪሙ ቀኝ እጃቸውን ሲያላቅቀው ደግሞ አንዲት ሳንቲም ወጣች። አንድ ጎኗ እንደተገመጠ ብስኩት ጎድሏል። በሁለቱም ፊቷ ላይ የጣት አሻራ ተጨማልቆባታል። የሟቹ አውራ ጣት የተገኘው በንክሻው በኩል ሳይሆን ትይዩ ባለው ጠርዝ ላይ ነበር።

ልጃቸው የሂሳብ አስተማሪ ናት። በፊተኛው ክፍል እጆቿን ጭኖቿ መሃል አድርጋ ተቀምጣለች።

«ቁልፉ የኔ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ። ቤቴን አከራዬ ናት በትርፍ ቁልፍ የከፈተችልኝ።»

«ቆይ። ምን አድርጎሽ ነው የወረወርሽው?»

«ዓመት ሆነው፣ አባዬ ፊቴን አያየኝም። መንገድ ላይ እንደማያውቀኝ ያልፈኛል። ስመጣ ‹ቁልፍሽን አምጪ› ይልና እሱ ላይ ያለችውን ሳንቲም ሲያሻሽ ይቆያል። እኔን አይደለም፣ ሳንቲሟን። ትናንት አንገፈገፈኝ። ‹ከኔ እሷን ከወደድክ ያውልህ› አልኩት።» አንገቷን ደፋች። «አጎቴ ‹ሱቁን ትተሽ አስተማሪ ስለሆንሽ ቂም ይዞብሽ ነው፣ ትንሽ ራቅ በይው› ብሎኝ ነበር። መስማት ነበረብኝ።»

«ሳንቲሟ ምንድን ናት?»

«የተነከሰች ናት። ሳንቲም ከመታተሙ በፊት ክብ ብረት ነው፤ ከዝርግ ብረት ላይ ይቆረጣል። ዝርጉ በደንብ ካልተገፋ መቁረጫው ቀድሞ የተቆረጠበት ቀዳዳ ላይ ይደርብና ክቡ ጎድሎ ይወጣል። ሰባት ዓመቴ ላይ ነው የሰጠኝ። ቁልፌ ላይ እንድትንጠለጠል ብሎ ራሱ በሳት።» ልትስቅ ቃጣት። «የተበሳ ሳንቲም ዋጋ የለውም። አጎቴ ያን ቀን ‹የዓመት የቤት ኪራይ ነው የበሱት› ብሎ ራሱን ያዘ።»

ወይዘሮ ቆይ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

«ካሰሩኝም ይሰሩኝ» አለች ልጅቱ። «ግን ከሱቁ ሳንቲም የገዛ አንድ የጥርስ ሐኪም ትናንት ጠዋት አባዬን አጭበርባሪ ብሎታል አሉ። ያን ስም ይዞ እንዲቀበር አልፈልግም። አባዬ ኃይለኛ ነበር፣ ግትር ነበር። ሌባ ግን አልነበረም።»

ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ማህተም ቀራጭ ነው፤ ከሟቹ ጋር ሃያ ዓመት ምሳ አብሮ በልቷል። የሥራ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ አንዱ እግር ሥር ሦስት ሳንቲም ደርድሯል።

«ጋሽ ሚዛን እነዚህን ያገኘ ቀን ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ» አለ። «መቁረጫም፣ ሞረድም፣ መዶሻም አለኝ፤ እንዳይደክሙ እኔው ልንገርዎት፣ እትዬ። ግን ሰው ልግደል ብል ከራሴ መዶሻ አልፌ የሰው ሚዛን ድንጋይ ፍለጋ አልሄድም ነበር።»

«ትናንት ምን ሰሙ?»

«የልጅቷን ጩኸት። ከዚያ ማሽኔን አስነሳሁ፣ የሰማሁት የለም። ጠዋት ግን እሱ ራሱ መጥቶ ነበር። ‹መነጽሬን ረስቼ ነው፣ ይችን አንብብልኝ› አለኝ። የጥርስ ሐኪሙ የሰጠው ደብዳቤ ነው። እዚሁ ረስቶት ሄደ።»

«ቆይ። መነጽር ያደርጉ ነበር?»

ቀራጩ አሰበ። «እንጃ። አድርጎ አይቼው አላውቅም።»

ደብዳቤው ከሌላ ከተማ የመጣ የሌላ ሳንቲም አዋቂ ቃል ነው፤ «ይህ ንክሻ ሐሰት ነው። ከንክሻው ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ሙሉ ነው» ይላል።

«ምኑም አልገባኝ» አለ ቀራጩ። «እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ‹ድገመው› አለኝ። ደገምኩለት። ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ። ደንግጦ ነው ብዬ...»

የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒኩ ውስጥ እየተንጎራደደ ጠበቃት። ንዴቱ ገና አልበረደም፤ ኀፍረትም ተጨምሮበታል።

«ያችን የተነከሰች ሳንቲም መኪናዬን ሸጬ ነው የገዛኋት። ከወንድማቸው እጅ ተቀበልኳት እንጂ የገዛሁት ፊርማቸውን ነው። ትናንት ጠዋት ሳንቲሟንና ደብዳቤውን ጠረጴዛቸው ላይ ጣልኩላቸው። ደብዳቤውን ይዘው፣ ይዘው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ‹ነገ ና፣ በግልጽ እነግርሃለሁ› አሉኝ። አጭበርባሪ አልኳቸው።»

«ወንድማቸው ደብዳቤውን አይቷል?»

«አልነበረም፤ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር።»

«ከቀትር በኋላ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ሰው የለኝም የሚመሰክርልኝ።»

ከቦርሳዋ ማስታወሻ ስታወጣ አንድ ሳንቲም አምልጧት ወለሉ ላይ ጮኸ። ሐኪሙ ፊቱን አጨማደደ። ጎንበስ ብሎ እንደ ተነቀለ ጥርስ በሁለት ጣቱ ጠርዟን ይዞ አነሳላት። «ይህቺ ምንም አታወጣ፤ ቢሆንም አይጣልም» አለ።

ታናሽ ወንድምየውን ያነጋገረችው መጨረሻ ላይ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ ሟቹ ናቸው ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ የዳሩት። ወረቀቶቹን በዚያ ባማረ እጁ የሚጽፈው እሱ ነው። ዓይኖቹ በልቅሶ ቀልተዋል።

«ወንድም ጋሼን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተለየኋቸው» አለ። «መብራታቸውን አብርተው፣ አጉሊያቸውን ይዘው ያችን ሳንቲም ሲያገላብጡ ነበር። ‹ምንም እንከን የላትም፣ ጻፈው› አሉኝ። ጻፍኩ፣ ፈረሙ። ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምነው እግሬን በሰበረው።»

«ከሱቁ የጠፋ ነገር አለ?»

«ሰባት ሳንቲም። ከሁሉ የሚበልጡት።»

«ልጅቷስ?»

ረጅም ትንፋሽ ሳበ። «ልጅ ናት። ንዴት ክፉ ነው። እኔ ምንም አልልም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበላት።»

ወይዘሮ ቆይ ስትነሳ እጅጌዋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የነበረ ሳንቲም ጠረገ። ወንድምየው እንባውን ሳያብስ እጁን ሰዶ ወለሉን ሳይነካ ቀለበው፣ ጨርቅ ላይም አሳረፈው። እሷ አመስግና ወጣች። በር ላይ ለቆመው ፖሊስ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው።

አሥር ሰዓት ላይ አራቱም በኋለኛው ክፍል ተሰበሰቡ፤ አዛዡም መጣ። ሬሳው ተነስቷል፣ ሌላው እንደነበረ ነው። ወይዘሮ ቆይ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ መቆም ጉልበቷ አይፈቅድም።

«ሌባ አልገባም» ብላ ጀመረች። «መሳቢያ የሚገለብጥ ሌባ ሳንቲሙ የትም ቢንከባለል ደንታው አይደለም። እዚህ ግን አንዲት ሳንቲም ባዶ ንጣፍ ላይ የለችም። ሁሉም ምንጣፉ ላይ፣ በእጅ ተዘርግተዋል። ሰው ገድሎ ሲያበቃ ሳንቲም እንዳይቧጠጥ የሳሳ ሰው ነው።»

ሐኪሙና ወንድምየው ሳያስቡት ወለሉን አዩ።

«ቀራጩ ሳንቲም ለጠረጴዛ እግር ይደረድራል። ይህቺ ልጅ ቁልፏን ከነሳንቲሙ ትወረውራለች። እነዚህ ሁለቱ ቢበትኑ ኖሮ ሥራ ይበዛብኝ ነበር፤ እያንዳንዷን ከየጥጉ ለቃሚ እኔ ነበርኩ።»

ማንም አልሳቀም።

«ሁለት ሰው ቀረ። አሁን ስለ መብራቱ። አምፖሉ ከተቃጠለ ሰንብቷል። አጉሊው አቧራ ጠጥቷል። መጋረጃው ዝግ ነው። የሳንቲም ፊት በጣት የነካን ሰው እጁን የሚመቱት ሽማግሌ ያችን ሳንቲም በአሻራቸው አጨማልቀዋታል። ደብዳቤም ማስነበብ አስፈልጓቸዋል፣ ኖሯቸው በማያውቅ መነጽር አሳብበው።» ወደ ልጅቱ ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጄ፣ አባትሽ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር።»

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሐኪሙ ይህን አላወቁም። ቢያውቁ ዓይነ ስውር ፊት ደብዳቤ አይጥሉም። እርስዎ ግን» አለች ወይዘሮ ቆይ ወደ ወንድምየው፣ «መብራት አብርተው፣ አጉሊ ይዘው ተውኳቸው አሉኝ።»

«ዋሽቻለሁ» አለ ወንድምየው ረጋ ብሎ። «ገመናቸውን ልሸፍን ነው። ለማንም እንዳትናገር፣ ለልጄም ቢሆን ብለው አደራ ጥለውብኝ ነበር። ሰው ከሞተ በኋላ አደራው ይቀራል?»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ አዛዡም መልሱ የጣመው መሰለ።

«ቆይ» አለች። «አደራውን የጠበቁት የዚህች ልጅ አንገት ገመድ ውስጥ ሲገባም ነው? ይሁን። ወረቀቱስ? ጠዋት ‹ሐሰት ነው› የሚል ደብዳቤ አስነብበው ፊታቸው አመድ የሆነ ሰው፣ ከሰዓት ‹እንከን የላትም› ብለው ፈረሙ?»

«ምን ደብዳቤ?» አለ ወንድምየው። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለዋወጠ።

«እርስዎ የማያውቁት። ፊርማው ቀድሞ የተፈረመ ነው። ማየት ሲያቅታቸው ባዶ ወረቀት ላይ እየፈረሙ ይሰጥዎት ነበር፤ እርስዎ እያዩ፣ እርስዎ እየጻፉ። እሳቸው ያመኑት የእርስዎን ዓይን ነው።» ሁለቱን ሳንቲሞች አወጣች፤ አንዱ ከቁልፍ ጋር ነው። «አስተማሪ፣ ዓይንሽን ጨፍኚና እነዚህን ያዢልኝ። ከንክሻው ፊት ለፊት ያለውን ጠርዝ ዳብሺ።»

ልጅቱ ጨፈነች። አውራ ጣቷ በቁልፏ ሳንቲም ላይ ዞረ፣ ቆመ። ወደ ሁለተኛዋ ሄደ። ልጅ እያለች የሰማችው ትምህርት ከሩቅ እንደሚመጣ በቀስታ ተናገረች።

«የሳንቲም ጠርዝ የሚቆመው ክቡ ከሁለት ወገን ተጨምቆ ነው። አንዱ ወገን ቀድሞ ከጎደለ ፊት ለፊቱ የሚጨምቀው ያጣል፣ ጠርዙም ሳይቆም ይቀራል። የኔ እንደዚያ ናት፣ ልሙጥ። ይህቺ ግን...» አውራ ጣቷን መለሰችው። «ጠርዟ ሙሉ ነው። ታትማ ካለቀች በኋላ ነው የተቆረጠችው።»

«አባትሽም የሞቱት ይህንኑ ሲያደርጉ ነው» አለች ወይዘሮ ቆይ። «በቀኝ የሐኪሙን ሳንቲም፣ በግራ ያንቺን። በእጃቸው ያለች፣ ያለጥርጥር የሚያምኗት አንዲት ሳንቲም ያንቺ ነበረች። ጣታቸው እውነቱን ነገራቸው። ቁልፉ እጃቸው ላይ የቀረው አንቺ ስለገደልሽ አይደለም፤ አጎትሽ አይቶ እዚያው ስለተወው ነው።»

በዚህ መሃል ፖሊሱ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ ገባ። ከወንድምየው ቤት፣ ከልብስ ሳጥኑ ሥር የወጣ ነው። ወይዘሮ ቆይ ከፈተችው። «ጠፉ» የተባሉት ሰባት ሳንቲሞች እያንዳንዳቸው በጥጥ ተጠቅልለዋል። ከሥራቸው በሌላ ጥጥ አምስት ቀጫጭን የብረት ቁራጮች ተኝተዋል፣ እንደ ጥፍር የጎበጡ። አንዷን አንስታ የሐኪሙ ሳንቲም ንክሻ ላይ ገጠመቻት። ገጠመች።

«ይህን እንኳ መጣል አልሆነልዎትም» አለች። «ሳንቲም ነዋ።»

ወንድምየው ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። ሲናገር «እሳቸው» ማለቱን ተወ።

«ሠላሳ ዓመት ጻፍኩለት። ዓይኑ ሲጠፋ ዓይኑ ሆንኩ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን እኔን አልፎ የሱን ፊርማ ነው የሚጠይቀው። ታዲያ የማየው እኔ ከሆንኩ፣ እውነተኛና ሐሰት የምለውም እኔ ነኝ አልኩ።» ወደ ወንበሩ አየ። «ትናንት ልሰናበተው ስገባ ሁለቱን ሳንቲም ይዞ ጠበቀኝ። ‹ነገ ሁሉንም እጠራለሁ› አለ። ‹ዓይኔ ጠፍቷል፣ የዓመቱ ወረቀቴ ሁሉ ውድቅ ነው እላለሁ። ጥፋቱን እኔ እወስደዋለሁ፣ ያንተን ስም አላነሳም› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ጠረጴዛው ዞረ።»

«ስምህን አላነሳም ካለህ ለምን?» አለ ቀራጩ።

«የሱ ፊርማ ከሌለ እኔ ማን ነኝ?»

የጥርስ ሐኪሙ ኮፍያውን አወለቀ። «አጭበርባሪ ብያቸው ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «በሰማው ሁሉ ፊት እመልሰዋለሁ።»

ፖሊሱ ወንድምየውን ሲያስነሳው ልጅቱ መንገዱ ላይ ቆመች። አልጮኸችም።

«አባዬ አለፈኝ ብዬ ዓመት ሙሉ ያለቀስኩት አንተ ትከሻ ላይ ነው፣ አጎቴ። ታውቅ ነበር። ‹እሱ አላየሽም› ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? አንድ ቃል እኮ ነው። ‹ቂም ይዞብሽ ነው፣ ራቅ በይው› አልከኝ። እኔም እምነቴን አንተ ላይ ጥዬ፣ መጨረሻውን ቀን እሱ ላይ ጮኼበት ወጣሁ። እሱን የገደልከው ትናንት ነው። ከኔ የነጠቅከኝ ግን ከዓመት በፊት ነው።»

ከመንገዱ ዞር አለችላቸው። ይዘውት ወጡ።

ልጅቱ የአባቷ ወንበር አጠገብ ቆማ ቀረች። ቁልፉ አሁንም እጇ ላይ ነው። ዓይኗን ጨፈነችና አውራ ጣቷን በሳንቲሟ ዙሪያ አዞረችው፣ ከንክሻው እስከ ልሙጡ ጠርዝ፣ ከዚያም በመብሻው ቀዳዳ ላይ።

«ፊቴን ማየት ሲያቅተው ነው» አለች። «ቁልፍሽን አምጪ የሚለኝ።»

ቁልፉ ማስረጃ ነበር። አዛዡ የማስረጃ ከረጢቱን ከፍቶ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አለችው መርማሪዋ።